ጀፎረው ላይ የገቡት ወንበሮች

ያረጋል ወንበር ያከራያል። ወልቂጤ ውስጥ ሰው ሲሞት፣ ሰው ሲዳር፣ ልጅ ሲመረቅ፣ ሹም ሲመጣና ሹም ሲሄድ ቀድሞ የሚጠራው እሱ ነው። ከመናኸሪያው ጀርባ ባለችው የቆርቆሮ መጋዘኑ ውስጥ ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበሮች ተደራርበው እስከ ጣሪያ ቆመዋል፤ የተጠቀለሉት ድንኳኖች ጥግ ጥጉን እንደ ጠገበ በሬ ተኝተዋል። ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው ይዘፍናል፤ እሱም አብሮት ያንጎራጉራል። ድምፁስ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ግጥም ግን አይጥልም። ሃያ ዓመት ሙሉ በየለቅሶውና በየሠርጉ ከኋላ ቆሞ የሰማው ስንኝ ሁሉ ሆዱ ውስጥ አለ፤ በሆነ ባልሆነው ጊዜ ብቅ ይላል።

ሰውን ከአቀማመጡ አውቀዋለሁ ባይ ነው። ሐዘንተኛ ተጠጋግቶ ይቀመጣል፤ ትከሻ ትከሻን ይፈልጋል። ሠርገኛ ወንበሩን ያወዛውዛል፤ በየሠርጉ ሁለት ሦስት እግር ይሰበራል። ባለጸጋ ደግሞ በግራና በቀኙ አንዳንድ ባዶ ወንበር ይወዳል፤ አንዱ ለስልኩ፣ አንዱ ለክብሩ። ይህን ሲል ይስቃል። ክፋት የሌለው ሳቅ ነው። ካለፈው ግንቦት ወዲህ ግን ይህን ቀልድ አይቀልድም።

የተወለደው ቸሃ ነው፤ ከእምድብር ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ እንሰቱ ጎጆውን በሚውጥበት አገር። እንደ ሰፈሩ ልጆች ሁሉ እሱም በጊዜው መርካቶ ወርዶ ነበር። እዚያ፣ የአገር ሰው በከፈተው የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ፣ በአንድ ጆንያ ላይ አብሮት የሚተኛ አንድ የሰፈር ልጅ ነበረው። ወልደአማኑኤል ይባላል። ክረምት ሲሆን አንዱ ለአንዱ ጀርባውን ሰጥቶ ይሟሟቁ ነበር። አባቱ ሲሞት ያረጋል ለእናቱ ብሎ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ወልደአማኑኤል እዚያው ቀረ። ሱቅ ከፈተ፤ ከሱቅ ጎማ ማስመጣት ጀመረ፤ ከጎማ ሕንፃ። አሁን አቶ ወልደአማኑኤል ነው፤ በወልቂጤም ባለ አራት ፎቅ ሆቴል አለው።

የቸሃን ጀፎረ ላላየ ሰው ልንገረው። ጎጆዎች ግራና ቀኝ በረድፍ ቆመው ይተያያሉ፤ በመካከላቸው ሰፊ አረንጓዴ ሜዳ እንደ ወንዝ ይወርዳል። መንገድ ነው፤ ግን መንገድ ብቻ አይደለም። ከብቱ ይውልበታል፣ ሙሽራዋ ትወጣበታለች፣ ሬሳ ያርፍበታል፣ ደመራው ይነድበታል፣ የተጣላ ይታረቅበታል። ወርዱን የወሰኑት የጥንት ሽማግሌዎች ናቸው፤ አጥሩን አንድ ክንድ ወደ ሣሩ የገፋ ሰው በመሐላ ይጠየቃል። የያረጋል እናት እማማ ወይንሸት ከታችኛው ጫፍ፣ በሯ ቀጥታ ሣሩ ላይ በሚከፈተው ቤት ነው የምትኖረው። ጉልበቷ ከደከመ ወዲህ ደጃፏ ላይ ሆና አላፊ አግዳሚውን ሰላም ማለት ሥራዋ ሆኗል። በወጣትነቷ እሷና ጓደኞቿ የሚያወጧት አንዲት ስንኝ ነበረች፤ ልጇ ድንኳን ሲጠቀልል የሚያንጎራጉረው ያቺኑ ስንኝ ነው፦

እንደ ጀፎረ ሣር እንደ ለምለሙ፣
ሲረግጡት ይውላል ሳይሰማ ሕመሙ።

ሸንጎ ሲቀመጥ ሁሉም ሣሩ ላይ ነው የሚቀመጠው። በርጩማ ይዞ የሚመጣ የለም፤ ድንጋይ እንኳ ጎትቶ የሚቀመጥበት የለም። ሣር ላይ ያለ ሰው ሀብታም ይሁን ድሃ ቁመቱ አንድ ነው፤ ይናገራል፣ ይደመጣል። የቆመ ሰው ግን መንገደኛ ነው፤ ማንም አይጠይቀውም። ሌላም ደንብ አለ። በሰው ጥላ ሥር፣ በሰው መቀመጫ ላይ ተቀምጦ፣ የሰው እህል የቀመሰ እንግዳ ነው። እንግዳ ከተቀመጠበት እስኪነሳ የጋበዘውን አይሟገትም፤ ነውር ነው። ይህን ማንም አልጻፈውም። ሕፃኑም ሽማግሌውም ያውቀዋል።

ያረጋልም ያውቀው ነበር። ግን ሃያ ዓመት ወንበር ሲያከራይ የኖረ ሰው፣ ወንበር እንጀራው የሆነ ሰው፣ በወንበር የሰው አፍ ይዘጋል ብሎ እንዴት ያስባል?

በግንቦት መግቢያ ስልኩ ጮኸ። አቶ ወልደአማኑኤል ራሱ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ድምፁን መስማቱ ያረጋልን ከተቀመጠበት አስነሳው። ሰውየው በሰፈሩ ጀፎረ ላይ የልማት ምክክር ሊያደርግ እንደሆነ፣ ሕዝቡ በክብር እንዲቀመጥ እንደሚፈልግ፣ የያረጋል ድንኳን ካልተተከለ ደግሞ ነገሩ የእኛ እንደማይሆን በለሰለሰ አንደበት ነገረው። ያረጋል ደስታው ፊቱ ላይ ፈሰሰ። ኪራዩን ለአገሬ ብሎ ግማሹን ተወለት። ቃሌን ሰጥቻለሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት ተተክሎ ይገኛል አለው።

ሚስቱ ዓለምዘውድ ሽንኩርት እየላጠች ሰማችው። ሃያ ዓመት እግዚአብሔር ይማርህ ያላለ ሰው ዛሬ ከየት አመጣው የእኛ የሚለውን ቃል፣ አለች። የከተማው ሱቅ በሙሉ ተዘግቶ ሰዉ የክልልነት ጥያቄው እንዲመለስለት ቤቱ የዋለ ጊዜ፣ ይኸው ሰው ከአዲስ አበባ ሆኖ ሥራ የጠሉ ሰዎች ናቸው ማለቱን አስታወሰችው። ያረጋል፣ ያኔ የተባለው ሁሉ እውነት አይደለም ብሎ አለፈው። የድሮ የጆንያ ጓደኛውን በክፉ ማሰብ አልሆነለትም።

ቅዳሜ ማለዳ የሙሀመድአወል አይሱዙ ወንበሩንና ድንኳኑን ጭና እምድብርን አለፈች። ሙሀመድአወል የቡታጅራ ልጅ ነው፤ ከያረጋል ጋር ስንት መንገድ አብረው በልተዋል። አፉ አያርፍም። እናንተ ቸሃዎች እግዜር ራሱ ያነጠፈላችሁን ሣር ትታችሁ ፕላስቲክ ልትቀመጡ ነው፣ ወላሂ ከብቶቹ ይታዘቧችኋል እያለ ሲያበሽቀው ሄደ። ያረጋል ሳቀ። ጀፎረው ጋ ሲደርሱ ግን የታችኛው ግማሽ ላይ ነጭ ኖራ ተሰምሮ አየ። መስመሩ ሣሩን አቋርጦ፣ ከእናቱ ደጃፍ ፊት ለፊት በስድስት እርምጃ አልፎ፣ ወደ ጅረቱ ይወርዳል። እናቱን ጠየቃት። ሐሙስ ዕለት ሰዎች መጥተው በገመድ ለክተው ሄዱ፤ ማን ናችሁ ብላቸው ለእናንተው ጥቅም ነው አሉኝ፣ አለችው።

ድንኳኑ ተተከለ። ወንበሩ ተደረደረ። ፊት ለፊት ለሽማግሌዎች ከሆቴሉ የመጣ ሶፋ ተደረገ። ከድንኳኑ ጀርባ ሌላ ትንሽ ድንኳን ነበረች፤ ለአቶ ወልደአማኑኤልና ከአዲስ አበባ አብረውት ለመጡ ሦስት ባለሀብቶች። ክትፎው በጣባ ቀርቦላቸዋል፤ ቆጮው ተቆርሷል። ያረጋል በሸራው ማዶ ገመድ ሲያጠብቅ የሚያወሩት ሁሉ ይሰማው ነበር።

የሚያወሩት ፖለቲካ ነው። አንዱ፣ ሆቴሎች ያሉት ወፍራም ሰው፣ ምርጫ የሚባለው ነገር እንደሚገርመው ይናገራል። ዘበኛውና እሱ እኩል አንዳንድ ካርድ መያዛቸው ፍትሕ እንዳልሆነ፣ ድምፅ በግብር ልክ ቢሆን አገር በአንድ ዓመት እንደምትስተካከል። ሌላው፣ ድሃ ሕዝብ ሳይጠግብ ከጠየቁት የሚመርጠው የሚያጎርሰውን ነው አለ፤ ይህን ሲል ራሱ እየጎረሰ ነበር። አቶ ወልደአማኑኤል ሁለቱንም በፈገግታ አረማቸው። እሱ ምርጫንም አይቃወምም፣ መንግሥትንም አይቃወምም። በቢሮው ግድግዳ ላይ ያለችው ምስማር አንዲት ናት፤ በየጊዜው የመጣውን መሪ ፎቶ እየቀያየረ ይሰቅልባታል። ነጋዴ ፖለቲካ የለውም አለ። ሳቁ። ያረጋል ገመዱን እንደያዘ ቀረ። ፖለቲካ የለኝም የሚል ሰው አገር እንዴት መገዛት እንዳለባት ሲወስን የሰማው ያን ቀን ነው።

በሸራው ቀዳዳ ታየ መሰለኝ፣ አቶ ወልደአማኑኤል ጠራው። ትከሻውን አቀፈው፤ በአንድ ጆንያ አብረን የተኛን ነን ብሎ ለጓደኞቹ አስተዋወቀው። ያረጋል አንተ ልበል እርስዎ ልበል ብሎ ተጨነቀ፤ በመጨረሻ እርስዎን መረጠ። ኖራው ምን እንደሆነ ጠየቀ።

ሎጅ ነው ተባለ። የውጭ አገር ሰው የሚያርፍበት፣ ጎጆ ጎጆ መሳይ። የጀፎረው የታችኛው ግማሽ በአጥሩ ውስጥ ይገባል፤ እንግዶች አረንጓዴ ነገር ማየት ይወዳሉ። የእማማ ወይንሸት በርም ወደ ጓሮ ይዞርላታል፤ ወጪውን እኔ እችላለሁ አለ። ቃለ ጉባኤው ተጽፎ አልቋል። ሽማግሌዎቹ ከምሳ በኋላ ይፈርማሉ።

"ሕዝቡ እምቢ ቢልስ?" አለ ያረጋል።

ወልደአማኑኤል ዝቅ ባለ ድምፅ፣ እንደ ወንድም ጠጋ ብሎ መለሰለት።

"ማን ነው እምቢ የሚለው? አንተ ባመጣኸው ወንበር ተቀምጦ፣ እኔ ያረድኩትን በልቶ? እኔም እኮ የዚሁ ጀፎረ ልጅ ነኝ፣ ያረጋል።"

አምላኬ ሆይ፣ እንዲህ ያለውን ቃል ሰምታ ምድር እንዴት ቀጥ ብላ ትቆማለች? ሰውየው ረስቶ አልነበረም። ደንቡን ያውቀዋል። የአባቶቹን ጨዋነት፣ ያንን ነውርን የመፍራት ጸጋ፣ ወስዶ ወጥመድ አድርጎታል። ከተማ ያስተማረው ጠበቃ አያስፈልገውም፤ እናቱ ያስተማረችው ይሉኝታ በቃው። እንግድነት በሰፈሩ ሰው ላይ እንደ ልጓም ሊገባ ነው፤ ልጓሙን ከወልቂጤ ድረስ በአይሱዙ ጭኖ ያመጣው ደግሞ ያረጋል ራሱ ነው።

ሕዝቡ ገባ። አባቶች ኮፍያቸውን አውልቀው በየወንበሩ ሲቀመጡ ያረጋል ዓይኑን መጣል አቃተው። ጀፎረው ላይ ሲቀመጡ ጉልበታቸውን አቅፈው፣ አገር የእነሱ መሆኗ ከፊታቸው የሚነበብ ሰዎች፣ አሁን እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው እንደ ሐኪም ቤት ወረፋ ጠባቂ ወደ ፊት ያያሉ። ምግቡ ቀድሞ ዞረ። በሉ። እናቱም ከመጨረሻው ረድፍ ሆና በላች። ያረጋል አንዷን ስንኝ ሆዱ ውስጥ ሲያላምጣት ነበር፤ ከየት እንደመጣች አያውቅም፤ ምናልባት የራሱ ናት፦

ከሣሩ ላይ ሆኜ ብናገር ብናገር፣
ወንበር ላይ የወጣ መች ይሰማል ነገር።

ማይክራፎን የያዘው መድረክ መሪ የባለሀብቱን የሕይወት ታሪክ አነበበ። ከዚያ አቶ ወልደአማኑኤል ተነሥቶ ተናገረ። ጉራጌ ሠርቶ አዳሪ ነው አለ። አጨበጨቡለት። ጉራጌ ወሬ አያውቅም፣ ፖለቲካ አያውቅም፣ የሚያውቀው ሥራ ነው አለ። አሁንም አጨበጨቡለት፤ ምስጋና መስሏቸው። ለአባ ሙርጋ፣ ለሰፈሩ ታላቅ ሽማግሌ፣ አዲስ ጋቢ በትከሻቸው ላይ ተደረገላቸው። ሶፋው ለስላሳ ስለሆነ ወደ ውስጥ ሰምጠው እግራቸው ከመሬት ከፍ ብሏል። መድረክ መሪው ጎንበስ ብሎ ማይክራፎኑን አስጠጋላቸው፤ አስተያየት ካለዎት አለ።

አባ ሙርጋ ጋቢውን አዩ። የኖራውን መስመር አዩ።

"በሰው መቀመጫ ላይ ነኝ" አሉ። "ምን እላለሁ። ባለቤቱ ያውቃል።"

ተስማምተዋል አለ መድረክ መሪው። ጭብጨባ ጠየቀ፤ ከፊት ያሉት ባለሀብቶች አጨበጨቡ። ቃለ ጉባኤውን የያዘው ሰው እስክሪብቶውን ከኪሱ አወጣ።

ያረጋል ሁልጊዜ የሚቆመው ከኋላ ነው። ከኋላ ተነሥቶ ወደ እናቱ ሄደ። እጇን ያዘና፣ እማ ተነሺልኝ፣ ወንበሬን ልውሰድ አላት። ዓይኑን አየችው፣ በትከሻው ተደግፋ ተነሣች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ሣሩ ላይ ተቀመጠች። ወንበሩን አነሣ። ከአጠገቧ ያለችውን ሴት ጠየቀ፤ ተነሣች። ሦስተኛው ተነሣ። አራተኛው ጋ ሲደርስ ሙሀመድአወል ከመኪናው ሥር ወጥቶ ስድስት ወንበር አንድ ላይ ደራርቦ ተሸክሞ ነበር፤ ምን እንደተፈጠረ ሳይገባው። በኋላ ሲጠየቅ፣ ያረጋል ወንበር ሲያነሣ አላህ ያውቃል ሥራ አለ ማለት ነው፣ አለ።

የድንኳኑ ኋላ ሰማያዊነቱ እየረገፈ አረንጓዴ ሆነ። መድረክ መሪው በማይክራፎኑ ፕሮግራሙ አላለቀም እያለ ይለምናል። ወልደአማኑኤል በረድፉ መካከል መጥቶ መንገዱን ዘጋበት።

"ምን እያደረክ ነው? ውል አለን። ቃል ሰጥተኸኛል።"

"ሰጥቼ ነበር። አፍርሼዋለሁ" አለ ያረጋል። ሁለት ወንበር በእጁ፣ እንባ በዓይኑ ነበር። "ወንበሩ የእኔ ነው፤ ለዚህ አላከራይም። ሰዎቹ በገዛ ሣራቸው ይቀመጡ። ከዚያ ጠይቃቸው።"

ከእርስዎ ወደ አንተ መመለሱን እንኳ አላወቀም።

ከፊት ረድፍ ሲደርስ የቀረው የሽማግሌዎቹ ሶፋ ብቻ ነበር፤ እሱ የሆቴሉ ነው፣ አይነካውም። አባ ሙርጋ ከሶፋው ለመውጣት ሁለት ጊዜ ሞክረው አቃታቸው፤ በሦስተኛው ሙሀመድአወል እጃቸውን ሳበላቸው። ጋቢውን ከትከሻቸው አውርደው፣ በሥርዓት አጥፈው ሶፋው ላይ አኖሩት። ሄደው ሣሩ ላይ ተቀመጡ። የቀሩትም ተከተሏቸው። ሦስት መቶ ሰው በአንድ ቁመት ሆነ። የቆሙት አራቱ ባለሀብቶች፣ መድረክ መሪውና ያ እስክሪብቶ የያዘው ሰው ብቻ ናቸው።

"በል ወልዴ" አሉ አባ ሙርጋ። "ና ተቀመጥ። አሁን እንነጋገር።"

አልተቀመጠም። ምናልባት ሱፉን ፈርቶ ይሆናል፤ ምናልባት የጓደኞቹን ዓይን። ቆሞ ተናገረ። ልማት ይዤላችሁ መጣሁ አለ፤ ልጆቻችሁ ሥራ ፈትተው መንገድ ዳር ቆመዋል አለ፤ ይህን ብትገፉ መቶ ዓመት ላም ትጠብቃላችሁ አለ። ሰዉ ተመለከተው፤ እግረ መንገዱን የቆመ መንገደኛን እንደሚመለከቱት። ከመሰደብ የከፋ ነበር። ጥቂት ቆይቶ መኪናው ውስጥ ገባ፤ ጓደኞቹም ገቡ።

ከዚያ ሸንጎው ሸንጎ ሆነ። ተናገሩ። ሎጁ ይምጣ፣ ሥራም እንፈልጋለን ያሉ ነበሩ፤ አልተሰደቡም። ከጅረቱ ማዶ ባለው መሬት ይሥራ ያሉ ነበሩ። ጀፎረው ግን አይታጠርም በሚለው ላይ፣ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ፣ አንድ ሆኑ። እማማ ወይንሸት ደጃፏ ከነሣሩ ቀረላት።

ያረጋል ድንኳኑን ሊያፈርስ ሲነሣ አባ ሙርጋ በስሙ ጠሩት። መሐል ላይ ቁጭ በል አሉት። ቃል ሰጥተህ ነበር ወይ ብለው ጠየቁት። ሰጥቻለሁ አለ። ያፈረስከው በጀፎረው ላይ፣ በሰው ፊት ነው ወይ። ነው። እንግዲያው ሄደህ ይቅርታ ትጠይቀዋለህ፤ ሁለት ሽማግሌ አብሮህ ይሄዳል አሉት። ሙሀመድአወል ከመኪናው ላይ ሆኖ፣ ይሄ ፍርድ ነው ወይስ ስላቅ እያለ አጉረመረመ። አባ ሙርጋ ሰሙት። ለወልደአማኑኤልም ፍርድ አለ አሉ። እንግድነትን መጠቅለያ አድርጎ ጀፎረ ሊወስድ መጥቷል፤ እሱ ደግሞ እዚህ መጥቶ፣ ሣሩ ላይ ተቀምጦ ይቅርታ ይጠይቃል። ሌላ ካሣ አንፈልግም። ይቀመጥ ብቻ።

በያረጋል ልብ እሳት ነደደ። እኔ ነኝ ወይ አጥፊው? ግን ፍርዱ የጀፎረው ነው፤ ጀፎረውን ያስጣለ ሰው ፍርዱን አይጥልም። በሳምንቱ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ ወልቂጤ ካለው ሆቴል ወደ ሦስተኛው ፎቅ ወጣ።

አቶ ወልደአማኑኤል ተቀበላቸው። ወንበር ሰጣቸው፤ ሽማግሌዎቹ እንቆማለን አሉ። ያረጋል ቆሞ፣ የሰጠሁህን ቃል አፍርሻለሁ፣ ለዚህ ይቅርታ አድርግልኝ አለ። ሰውየው ለስለስ አለ። ይቅር ብያለሁ ብሎ ግን አላበቃም፤ ምክር ጨመረበት። አንተ ደህና ሰው ነህ አለው፤ የሚያበላሹህ ፖለቲከኞች ናቸው። ሕዝብ ምን እንደሚፈልግ ሕዝብ አያውቅም፤ እኔ ከዚያው ጭቃ ወጥቼ እዚህ የደረስኩት ማንንም ሳልጠይቅ ነው። አገርን የሚያቆማት የሠራ ሰው ነው፤ ያልሠራ ሰው ዝም ብሎ ቢሰማ ምን ይጎዳል?

ያረጋል ሲመለስ መንገዱን ሙሉ ስላላለው ነገር ሊቆጭ ይችል ነበር። ለአንዴ ግን መልሱ እዚያው መጣለት።

"ማንንም ሳልጠይቅ አልክ" አለው። "መርካቶ ስትገባ መኝታ ያገኘኸው የእገሌ ልጅ ነኝ ብለህ ነው። አባትህ ማን ነው ብለው ያስጠጉህ፣ ሱቁን የከፈቱልህ፣ ይኸው ጀፎረ ላይ የሚቀመጡ ሰዎች ናቸው። እኔስ አልሠራሁም? ወንበር ተሸክሜ ትከሻዬ ተጣሟል። እናቴ እንሰት ስትፍቅ አልሠራችም? ጉራጌ ሠርቶ አዳሪ ነው ስትል አጨብጭቤልሃለሁ፤ አፋችሁን ያዙ ማለትህ እንደሆነ አላወቅኩም ነበር። ስለ ወንበሩ ይቅርታ ጠይቄሃለሁ። ስለ ጀፎረው የምትጠይቀው አንተ ነህ። ሽማግሌዎቹ ይጠብቁሃል።"

ወልደአማኑኤል በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። ሥራ አለብኝ አለ። በሩን የከፈተላቸው ዘበኛ ነው።

ያ ሆቴል ከዚያ ወዲህ ለሠርግም ለስብሰባም ያረጋልን ጠርቶ አያውቅም። ሌሎቹም ሆቴሎች ቀስ በቀስ ተዉት፤ ባለሀብት ለባለሀብት ይደዋወላል። በሐምሌ አንድ ቀን መጋዘኑ ውስጥ ሬዲዮ ከፍቶ የተሰበረ እግር በሽቦ ሲያስር፣ አቶ ወልደአማኑኤል ቃለ መጠይቅ ሲሰጥ ሰማ። በትውልድ አገሬ ልማት እንዳላመጣ የፖለቲካ ነጋዴዎች ሕዝቡን አሳሳቱብኝ አለ። እኔ በበኩሌ ፖለቲካ የለኝም አለ። ጠያቂው አመሰገነው። የፖለቲካ ነጋዴው ያረጋል ሽቦውን ጠመዘዘ፤ ጫፉ አፈንግጦ አውራ ጣቱን ወጋው። ዓለምዘውድ ደሙን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለትና ሬዲዮውን ዘጋችው።

የድሃ ለቅሶና የድሃ ሠርግ አልተቋረጠም። አንዱን ድንኳን ሸጠ። በተረፈው ይኖራል።

መስቀል መጣ። ከአዲስ አበባ ያለው የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ገባ፤ ጀፎረው በሰው፣ በሰላምታና በሳቅ ሞላ። ሸንጎው በበዓሉ ማግስት ሲቀመጥ ለወልደአማኑኤል በአባ ሙርጋ ቀኝ ቦታ ተከፈተለት። አንድ ሰው የሚያህል ሣር ነው። ማንም አልተቀመጠበትም።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጥቁር መኪናው ከላይ በኩል ታየ። ሰዉ ወሬውን አቆመ። መኪናዋ በጀፎረው መሐል እየተንፏቀቀች ወረደች፤ ከሸንጎው አጠገብ ስትደርስ ዝግ አለች፤ ያረጋል ከጉልበቱ ብድግ ሊል ምንም አልቀረውም። የድሮ ጓደኛው ከመስተዋቱ ኋላ እንዳለ ያውቃል፤ መስተዋቱ ግን ጥቁር ነው። አልቆመችም። ወደ ታች አለፈች።

እማማ ወይንሸት ደጃፏ ላይ ነበረች። ላላፊ ሁሉ የሚገባውን ሰላምታ አትነፍግምና እጇን አነሣች። የመኪናው መስኮት እንደተዘጋ ነበር። መኪናዋ ከዓይን እስክትሰወር እጇን ሳታወርድ ቆየች።